ናጋሳኪ ላይ ማረፍ ያቃተኝ ሰሞን

የተከበሩ የዴፖው ኃላፊ አቶ ናንጆ፣ እትዬ ሳዎኮ፣ የሥራ ጓደኞቼ፣ እንዲሁም ለጡረታ ሽኝትዎ የክብር ቦታ ላይ አስቀምጠንዎት መቀመጫው አልመች ያለዎት ጋሼ ኦሪካሳ፤

ቢራው ተቀድቷል፤ እኔ ካልጨረስኩ ግን ማንም አይቀምስም። በሃያ ሁለት ዓመት የባቡር ነጂነቴ እንዲህ ያለ ሥልጣን ተሰጥቶኝ ስለማያውቅ ትንሽ ልኩራራበት።

ጋሼ ኦሪካሳ ወደዚህ ዴፖ የመጡበትን ቀን እኔ አላየሁም። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ታሪኩን የነገሩን የቀድሞው የጥገና አለቃ ጋሼ ሺኦሚ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በየዓመቱ ሲነግሩን አንዲት ቃል አያዛንፉም ነበር። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ጆሮው ከቆቡ ሥር ግራና ቀኝ የወጣ፣ በጠዋት በሩ ላይ ተገትሮ አገኙት። መዶሻ ሰጡትና "ብረት የሆነውን ሁሉ እየመታህ ድምፁን ስማ። ደኅናው ብረት ይዘምራል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል" አሉት። ምሳ ሰዓት ላይ ከባቡሮቹ ሥር ቢፈልጉት የለም። ሻይ ክፍል ገብቶ ማንቆርቆሪያውን እየመታ ጆሮውን ደግኖ አገኙት።

"ምን ትሠራለህ አንተ?"

"ብረት ነው ብዬ ነው ጌታዬ።"

"እሱ እኮ ሻይ የምናፈላበት ነው።"

"አዎ፣ ግን ያጉረመርማል።"

ዴፖው በሙሉ ሳቀበት። በአራተኛው ቀን የማንቆርቆሪያው ቂጥ ተቀደደና ውሃው ምድጃውን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ኦሪካሳ "ይህ ነገር ያጉረመርማል" ሲሉ የሚከራከራቸው ሰው ጠፋ።

የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብልሽት ልንነግራቸው ስንሄድ ሦስት ጥያቄ አላቸው፤ "መቼ? የት? ስንት ጊዜ?" ዋኩይ፣ አትደበቅ፣ ያንተን ልናገር ነው። ዋኩይ ሊያገባ መሆኑን ሊያበስራቸው ሲሄድ ከያዙት ፍሬን ቀና እንኳ አላሉም።

"መቼ?" አሉት።

"በጥቅምት።"

"የት?"

"ወደቡ አጠገብ ያለው አዳራሽ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ለጊዜው አንድ ጊዜ ነው ያሰብነው ጋሼ።"

ደግሞ እኛ ሥራ ላይ እያንዳንዱን ነገር በጣት እየጠቆምን ጮክ ብለን እንጠራለን፤ ምልክት አረንጓዴ፣ በር ዝግ እያልን። ሥራ ስንጨርስ ጣታችንን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን። ጋሼ ኦሪካሳ ግን ቤታቸው ይዘውት ይገባሉ። ከመተኛታቸው በፊት ወደ ምድጃው ይጠቁሙና "ጋዝ ዝግ" ይላሉ። ወደ በሩ ይጠቁሙና "በር ቁልፍ" ይላሉ። አንድ ቀን ወደ አልጋው ጠቁመው "ሳዎኮ አለች" ብለዋል የሚባለው እውነት ነው እትዬ? እሺ፣ ሳቅዎ መልስ ይሁነኝ።

አውሮፕላናቸውንም የማያውቅ የለም። ልጃቸው አግብታ የለቀቀችው ክፍል ውስጥ ሦስት ስክሪን ደርድረው፣ ከተጣለ ባቡር የፈቱትን የነጂ ወንበር ተክለው፣ የአሮጌ ፍሬን እጀታ የሞተር ጉልበት መጨመሪያና መቀነሻ አድርገው የሠሩት። በኮምፒዩተር የሚሠራ የበረራ ማስመሰያ ነው። እሳቸው ግን ነጭ የሥራ ጓንታቸውን ሳያጠልቁ ወንበሩ ላይ አይወጡም። የሚያበሩት ብዙ መንገደኛ የሚጭነውን ትልቁን አውሮፕላን ነው። ማስነሳት አይወዱም፣ ደመና ላይ መንሸራሸርም አይወዱም፤ ማሳረፍ ብቻ። "ጉልበት ያለው ሁሉ ይነሳል" ይላሉ። እትዬ ሳዎኮ ከወጥ ቤት ሆነው "ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው" ሲሉ፣ "አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቶኛል" የሚል መልስ ይመጣል።

ከመካከላችን እዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ያለ አይመስለኝም። ዋኩይ ጎማ ሳይዘረጋ አሳርፏል። አቶ ናንጆ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማረፊያውን አልፈው ከተማው መሀል ነው ያረፉት። ጋሼ ኦሪካሳ በማንም አልሳቁም። "ከፍ ማለት የጀመርከው የት ላይ ነው? ስንት ጊዜ?" እያሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይፈትሻሉ። ጥፋቱ እስኪገኝ ወንበሩን አያስለቅቁም።

አንዲት ቀልድ ደግሞ አለችን። በየዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይ ሞቅ ሲለን አንዱ ይነሳና "ለሰባት ቁጥር ፍሬን" ብሎ ብርጭቆ ያነሳል። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርተው አንዲት ፍሬን አመለጠቻቸው ለማለት ነው፤ በፍቅር የምትነገር ቀልድ ናት። እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። እትዬ ሳዎኮ ግን በተገኙባቸው ግብዣዎች ሁሉ ሲስቁ አላየኋቸውም። እኔ በየዓመቱ ስቄያለሁ።

ዛሬ ይህን ንግግር እኔ ላድርግ ብዬ የለመንኩት ስለዚያች ፍሬን እውነቱን ለመናገር ነው። ጋሼ ኦሪካሳ ከዚህ በር ሳይወጡ፣ በእናንተ ፊት ልናገር ብዬ ነው። ስለዚህ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃን።

አዲስ የገባችሁት ላታውቁት ትችላላችሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በሰኔ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሳምንት፣ ሰባት ቁጥር ባቡርን እየነዳሁ ኢሶማቺ ጣቢያ መቆም ሲገባኝ አልቆምኩም። መሳፈሪያውን በአርባ ሁለት ሜትር አልፌ፣ የባቡሩ አፍንጫ የመኪና ማቋረጫው ላይ ወጥቶ ቆመ። መዝጊያው እንደ እድል ወርዶ ነበር። ከመዝጊያው ወዲያ አንዲት እናት ልጇን ብስክሌቷ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ማንም አልተነካም። ልጅቱ ባቡር እንዲህ ቀርቦ በማየቷ ደስ ብሏት እጇን አውለበለበችልኝ። እኔ እጄን ማንሳት አልቻልኩም።

ያኔ አሮጌዎቹ ባቡሮቻችን የነጂውን ሥራ የሚመዘግብ መሣሪያ አልነበራቸውም። አጣሪዎቹ ምን ሆነ ሲሉኝ "ፍሬኑ ዘግይቶ ያዘ" አልኳቸው። ሦስት ቃል ናት። ያችን ፍሬን ከሁለት ቀን በፊት መርምረው የፈረሙባት ጋሼ ኦሪካሳ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ የፍሬን ሸራ በደንብ አልተስተካከለም ተብሎ ተጻፈ። በዚያ መኸር የጥገና አለቃ ይሆናሉ ተብሎ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር፤ ከሌላ መስመር ሌላ ሰው መጣ። እኔን ደግሞ ነርቩ ይረፍለት ብለው ከነጂነት አንስተው ባቡር አጠባ ላይ አቆዩኝ።

ጋሼ ኦሪካሳ ሰባት ቁጥርን ሦስት ቀን ሙሉ ፈታትተው አዩዋት። በአራተኛው ቀን ቱቦ ይዤ መስኮት ሳጥብ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"የት ላይ ነው ዘግይቶ የያዘው?"

"ኢሶማቺ መግቢያ ላይ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ ጊዜ።"

ከመስኮቱ የሚወርደውን ውሃ አዩ። ከዚያ "ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና፤ አውሮፕላን እናሳርፋለን" ብለውኝ ሄዱ።

ሄድኩ። ላለመሄድ ምን ምክንያት ላቅርብ? አውሮፕላኑን ከናጋሳኪ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከባሕሩ በላይ አቆሙልኝ። አንድ ጊዜ ራሳቸው አሳርፈው አሳዩኝ። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ነካ። ተራው የኔ ሆነ። መንደርደሪያው መጀመሪያ ላይ መንካት ሲገባኝ ከግማሹ በላይ ተንሳፍፌ አለፍኩና መጨረሻው ላይ ባሕር ውስጥ ገባሁ።

"እጀታው ዘግይቶ ነው የሚመልሰው" አልኩ።

እንደተናገርኩት ደነገጥኩ። ስለ ፍሬናቸው ያልኩትን ቃል በቃል ስለ አውሮፕላናቸው ደገምኩት። እሳቸው ምንም የሰሙ አልመሰሉም። መፍቻ አምጥተው እጀታውን ፈቱት፣ ጠረጉት፣ ለኩት፣ መልሰው ገጠሙት። "አሁን ሞክር" አሉኝ። አሁንም ባሕር ውስጥ ገባሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነፋሱን አጠፉልኝ። ባሕር። በሦስተኛው የነዳጁን ክብደት ቀነሱልኝ። ባሕር። በአራተኛው ለማረፍ ሲቃረቡ ክንፉ ላይ የሚዘረጋውን መዘርጊያ ሲያዩ፣ ሁልጊዜ ዘግይቼ እንደምዘረጋው አገኙ። ፍጥነቱ ካልቀነሰ አይዘረጋም፤ የኔ ፍጥነት ደግሞ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ነው።

"ለምን ትፈጥናለህ?"

"እኔ እንጃ ጋሼ።"

"አውሮፕላን እየወረደ መፍጠን ይቀናዋል፣ መቀነስ ግን አይሆንለትም። ቀድመህ ነው የምትቀንሰው። ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ስትደርስ ፍጥነትህ ልክ ካልሆነ፣ ጎማህ ካልተዘረጋ፣ ይህን ቁልፍ ተጫን። ተወውና ተነሳ፤ ዞረህ ትመጣለህ።"

በአምስተኛው ቅዳሜ ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ። ዘጠኙንም ጊዜ ሺህ ጫማ ላይ "አልተስተካከለም" ሲሉኝ ሰምቼ ዝም ብዬ ቀጠልኩ።

"ለምን ቁልፉን አትጫነውም?"

"መድረስ አለብኝ።"

"የት?"

"ናጋሳኪ።"

"ናጋሳኪ የትም አይሄድም" አሉኝ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ማሽኑን ተዉትና ወንበር ስበው በጎኔ ተቀምጠው እኔን ማየት ጀመሩ። ስክሪኑን አንድ ጊዜም አላዩም። ዓይኔ በየጥቂቱ ወደ ታች ሲወርድ አዩ። ሁላችንም የኪስ ሰዓታችንን ከፊታችን ባለው ማስቀመጫ ላይ አድርገን ነው የምንነዳው፤ እዚያም ልማዴን አልተውኩም ነበር። እሱን አዩና ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን ወረቀት አዩ።

"ሰዓትህንስ አውቀዋለሁ። ወረቀቱ ምንድን ነው?"

"የጊዜ ሰሌዳ ነው።"

"የማን?"

"የኔ። ራሴ ነኝ ያወጣሁት።"

ወረቀቱን አንስተው መነጽራቸውን አደረጉ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ አሥር ኪሎ ሜትር፣ ማረፊያ፤ ሁሉም በደቂቃና በአሥራ አምስት ሰከንድ ተከፋፍሎ ተጽፏል። ያወጣሁት ለባቡር እንደሚወጣ ነው። ባቡር እስከ ጣቢያው አፍ በሙሉ ፍጥነቱ ሮጦ ነው የሚቆመው። አውሮፕላን ከሩቅ ጀምሮ መቀነስ እንዳለበት አላሰብኩበትም። ስለዚህ አሥር ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ሁልጊዜ ዘግይቻለሁ። የዘገየሁትን ደግሞ በመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ለማካካስ እጀታውን እገፋለሁ። ነፋስ ቢጠፋ፣ ክብደት ቢቀንስ ምን ይጠቅማል።

"ስንት ሰው አሳፍረሃል?" አሉኝ።

"ማንንም።"

"ናጋሳኪ ላይ የሚጠብቅህ ሰው አለ?"

"የለም።"

ወረቀቱን ወደነበረበት፣ ከሰዓቱ ሥር መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ አንዲት ቃል ከፍ ሳያደርጉ ጠየቁኝ።

"ኢሶማቺ ስትገባ ስንት ዘግይተህ ነበር?"

እትዬ ሳዎኮ የተላጠ ኮክ በሳህን ይዘው ገቡ። ፊታችንን አዩና ሳህኑን አስቀምጠው በዝግታ ወጡ። እትዬ፣ ያችን ቀን ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ።

"ሃምሳ ሰከንድ" አልኳቸው።

"ፍሬኑንስ የት ላይ ያዝከው?"

"ከመያዣው ምልክት አልፌ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ምኑ?"

"እንዲህ ያደረግከው። ስንት ጊዜ ነው?"

"ብዙ ጊዜ። ሌላ ጊዜ ይቆምልኝ ነበር።"

እንዲህ ነው የሆነው። ጓደኞቼ፣ የሰባት ቁጥር ፍሬን ምንም አልነበረባትም። ዘግይቶ የያዘው ፍሬኑ ሳይሆን እኔ ነኝ። ሃምሳ ሰከንድ ላካክስ ብዬ ዝናብ ላይ ሮጥኩ፣ የዋሸሁትም ፈርቼ ነው።

ጋሼ፣ እባክዎ አይነሱ። ይበቃል እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልበቃም፣ ልጨርስ።

ያን ቀን አለቀስኩ። እሳቸው ኮኩን ወደኔ ገፋ አድርገው "ብላ፣ ይጠቁራል" አሉኝ። በልቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ሦስት ቀን ፈትቻታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ምንም አልነበረባትም።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?"

"ተናግሬ ነበር። የፈረመበት ሰው ፍሬኔ ደኅና ነው ቢል ማን ያምነዋል?"

"ሰኞ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ጋሼ።"

"ለኔ የነገርከኝን እኔ አላወጣውም። ሲሆንልህ አንተው ታወጣዋለህ።"

ሰኞ ደረሰ። የዴፖው ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የሚቀጥለው ሰኞም ደረሰ። አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሰኞ እንዳለ አስቡት። ጋሼ ኦሪካሳ አንድ ቀን እንኳ "ነገርካቸው?" ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ምናልባት እቆጣና ይቀለኝ ነበር። በየቅዳሜው እየጠሩኝ ማሳረፍ አስተማሩኝ እንጂ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ቁልፉን መጫንም ለመድኩ፤ ሺህ ጫማ ላይ ካልተስተካከለልኝ ትቼ እነሳለሁ፣ ዞሬ እመጣለሁ። በመስከረም ወደ ነጂነት ስመለስ ሃምሳ ሰከንድ ከዘገየሁ ሃምሳ ሰከንድ ዘግይቼ መግባት ጀመርኩ። ለዚህም ነው "አዝጋሚው ሚዞቤ" የምትሉኝ። አትዘኑ፣ ስሙ ይስማማኛል።

ግን የኔ መታረም ምን ይጠቅማል? የበለጠው ጥፋት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከኢሶማቺ በፊት ያለው መስመር ላይ የተሰጠን ጊዜ እንደማይበቃ ጋሼ ኦሪካሳ ከኔ አፍ ሰምተው ዝም አላሉም። ስሜን ሳያነሱ ሦስት ጊዜ ለዋናው ቢሮ ጽፈዋል፤ ጊዜው ይጨመር፣ ነጂዎቹ እየተጣደፉ ነው ብለው። ሦስተኛውን መልስ አሳይተውኛል። የፍሬን መርማሪው በቅድሚያ የራሱን ፍሬን ይጠብቅ ይላል። በኔ ውሸት የጠፋው ሹመታቸው ብቻ አይደለም፤ ቃላቸው ነው የጠፋው። ማንቆርቆሪያ መትተው የታመኑ ሰው፣ ሰው ሊሞት ይችላል ብለው ሲጮኹ የሚሰማቸው አጡ።

ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የዝናቡ ወር ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ በየዓመቱ፣ በእረፍት ቀናቸው መጥተው የአሥራ አራቱን ባቡሮች ፍሬን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። ዋኩይ አንድ ጊዜ "ጋሼ፣ ቤት ሚስት የለዎትም እንዴ?" ብሏቸው ስንስቅ ነበር። ለምን እንደሚመጡ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሚጣደፍ ነጂ አርባ ሁለት ሜትር እንዳያልፍ፣ ቢያንስ ፍሬኑ በኩል የሚችሉትን ሊያደርጉ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ጽፌ አቶ ናንጆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። አንብበውታል። አስጠርተውኝ "ከሽኝቱ በኋላ ብትናገረው አይሻልም ወይ? ደስታቸውን አናደፍርስ" አሉኝ።

"ከሽኝቱ በኋላማ ጋሼ ኦሪካሳ ይሄዳሉ" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና "እንግዲያስ ተናገር" አሉኝ። ስለዚህ ደግሞ አመሰግናቸዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ጉዳዬ እስኪታይ አልነዳም፤ ከዚያ በኋላም የምነዳ አይመስለኝም። የሚገባኝ ነው፣ ማንም ስለኔ እንዳይከራከር። ደብዳቤው ላይ ከፊርማዬ በታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ኢሶማቺ ሲገባ ከምልክቱ አልፎ የሚይዝ ነጂ ከመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ፤ አሁንም አንገታቸውን የደፉ አሉ። ስማችሁን ጻፉበት። አንድ ሰው ሲጽፍ ጥፋተኛ ይባላል፤ አሥር ሰው ሲጽፍ የጊዜ ሰሌዳው ይታያል። ያኔ የጋሼ ኦሪካሳ ሦስት ደብዳቤዎች ከመሳቢያ ይወጣሉ።

ዋኩይ፣ ፊትህን አንሳ። አንተ አልዋሸህም፣ አንተ የሰማኸውን ነው የቀለድከው። ያስቀለድኩህ እኔ ነኝ።

ጋሼ ኦሪካሳ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። የኔ አባት መርከበኛ ስለነበር በልጅነቴ እምብዛም አላየሁትም። አባት ማለት አጥፍተህ ስትመጣ ቁጭ ብሎ የት ላይ፣ ስንት ጊዜ እያለ የሚጠይቅህ ሰው መሆኑን ያወቅሁት እርስዎ ቤት ነው። ደኅና መሆኑን የሚያውቁትን እጀታ ፈትተው ገጠሙልኝ። እኔ ራሴ እስካየው ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ጠበቁኝ። ያን ቀን ቢጮሁብኝ ኖሮ ውሸቴን አጥብቄ እይዝ ነበር፤ ዛሬም እዚህ አልቆምም ነበር። ነጂ ሆኜ የቀረሁት፣ ሰው ሳልገድል እዚህ የደረስኩት በእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ።

እትዬ ሳዎኮ፣ ባልዎን ሲቀልዱባቸው እየሰሙ እኔን በየቅዳሜው ኮክ አበሉኝ። ያውቁ እንደነበር አሁን ፊትዎ ላይ አያለሁ። እግርዎ ላይ ብወድቅ አይበዛብኝም።

ጓደኞቼ፣ እንነሳ። ብርጭቋችንን እናንሳ።

በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ ጋሼ ኦሪካሳ ፈርመውበት የወጣ ፍሬን አንድም ቀን ዘግይቶ አልያዘም። ይህን ዛሬ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ በሚመጣው ዓመት ግብዣ ላይም ንገሩ፣ እኔ ባልኖርም። ጋሼ፣ ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎ ይበርታ፣ ጆሮዎ አይድከም፣ እትዬ ሳዎኮን ለብዙ ዘመን ያቆይልዎ። ከእንግዲህ ሰኔ ሲመጣ ቤትዎ ዝናቡን እያዩ ተቀምጠው ይዋሉ፤ ፍሬኑን እኛ እናየዋለን።

አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለጤናዎ፣ ጋሼ።